ከከላላ የመጣው አምፕሊፋየር

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ፍሪጁ ከመንቀጥቀጡ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ከመጮሁ በፊት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ጥቁር ሳጥን «እምምም» ይላል፤ ሊናገር ፈልጎ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ። ትንሽ ቆይቶ ከጀርባው የሞቀ አቧራ ሽታ ይመጣል። ባለቤቴ ማጥፊያውን አውቄ እንደማልነካው ትጠረጥራለች። ልክ ናት። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ መብራት መጣና ያ ድምፅ ተሰማ። ሻይዬን አስቀምጬ አዳመጥኩት። ይህን ሳጥን ስንገዛ የነበረውን ነገር ለማንም በወጉ አውርቼ አላውቅም፤ እስቲ ለእናንተ ላውራው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቁልኝ። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። እናቴ እንደምትለው ገና በልጅነቴ ዳቦ ሲሰጡኝ ገልብጬ ሥሩን ሳላይ አልጎርስም ነበር። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ ግን ኖሬበታለሁ።

ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ ባንድ ነን የምንል ወጣቶች ነበርን። ስም እንኳ አልነበረንም። አንዱ ኪቦርድ ይጫወታል፣ አንዱ ድራም ይመታል፣ አንዲት ልጅ ትዘፍናለች፣ እኔ ጊታር እይዛለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገው ጓደኛዬ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። የምንለማመደው የኪቦርድ ተጫዋቹ አባት እህል በሚያከማቹበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። የጤፍና የስንዴ ሽታ፣ የከረጢት ሽታ፣ የአይጥ ሽታ አለው። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ውስጥ የእህሉ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ ድራሙ ሲመታ ብናኙ ሁሉ አብሮ ይዘላል። ልጅቷ በዘፈኑ መካከል ስታስነጥስ እኛ ስንስቅ ልምምዱ የሚቋረጥበት ቀን ብዙ ነው።

ቤዝ ጊታሩ ነበረን፤ ድምፁን የሚያወጣው አምፕሊፋየር ግን አልነበረንም። የቤዝ ጊታር ነገር እንዲህ ነው፤ ያለ አምፕሊፋየር ብትመቱት ከጎናችሁ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጅማቱ ሲንጣጣ እንጂ ሌላ አይሰማም። መጀመሪያ ያደረግነውን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ጅዳ ያለችው የጓደኛዬ እህት ለእናታቸው የላከችውን ሆም ቴአትር አምጥተን ቤዙን እሱ ላይ ሰካነው። የኛ አገር ሰው ስህተት ይህ ነው፤ ከአረብ አገር የመጣ ዕቃ ሁሉ ሁሉን ይችላል ብለን እናምናለን። አንዱን ዘፈን ደህና ተጫወተልን። ሁለተኛው ላይ ማሳል ጀመረ። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተንና ስፒከሩ እንደ ተበሳ ከበሮ ሆኖ ቀረ። እናቱ ልጃቸው በስደት ደክማ የላከችው ዕቃ ነውና ብዙ ጊዜ አኮረፉት። እሱም ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር።

የጥር ሰርግ እየተቃረበ ነበር። ከደሴ ዲጄ ከማስመጣት እናንተን እንይዛለን ያሉ ሰዎች መጋዘኑ ድረስ መጥተው ሰሙን፤ ሰምተውም «ድምፃችሁ ሆድ የለውም» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ሆዱ ቤዙ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሰርጉ አልነበረም። በዚያ ዓመት እኩዮቻችን እየተነሱ በባሕሩ በኩል ወደ ሳዑዲ ይሄዱ ነበር። ማንም ሲሰናበት አታዩም። መንገዱን ያሰበ ሰው ቀኑን አይናገርም፤ የተወራ መንገድ ይበላሻል ይባላል፤ እናት ከሰማችም እግር ላይ ትወድቃለች። ጠዋት የሚገኘው የተነጠፈ አልጋ ብቻ ነው። ጓደኛዬም ዓይኑ መንገድ መንገድ ማየት እንደጀመረ አውቄበታለሁ። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሂሳብ ሠራሁ፤ አምፕሊፋየር ከተገኘ ባንዱ ሰርግ ይይዛል፣ ሰርግ ከያዘ እሱ ይቀራል፤ ካልተገኘ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ባንዱ ይቅርና ከተማው ራሱ ለእኔ ባዶ ነበር።

ብሩ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘንድ ነበር። በየበዓሉ እየተጫወትን ያጠራቀምናት ናት፤ አዲስ ዕቃ አትነካም፣ ደህና አሮጌ ግን ታመጣ ይሆናል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ገንዘብ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ አቀስታ አንድ ሱቅ ውስጥ አለ ተባለና በሚኒባስ ሄድን። የአቀስታን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጣቴ ደንዝዞ አልታዘዝ አለኝ። ባለሱቁ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የመሰለ ሳጥን አወጣልንና «አንሡት እስቲ፤ ጥሩ ዕቃ በክብደቱ ይታወቃል» አለ። ሁላችንም በተራ አነሳነው። እውነትም ይከብዳል።

ከዚያ ጓደኛዬ ቤዝ ጊታሩን ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ምታው» አለኝ፤ «እኔ ከውጭ ልስማው።» ቤዝ ተጫዋቹ እሱ ሆኖ ሳለ ለምን እኔ? እሱ መንገዱን ተሻግሮ ጨው የሚሸጡት ሰዎች ዘንድ ቆመ። እጁን እያወዛወዘ ቀስ በል፣ ቀስ በል ይለኛል። ተመልሶ መጣና ራሱን ነቀነቀ፤ ጠንክረው ሲመቱት ይጮሃል፣ ቀስ ሲሉት ዝም ይላል፣ አይሆንም አለ። ግራ ገባኝ። እሱ ጅማቱን በአውራ ጣቱ የሚገርፍ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ታዲያ ቀስ ሲሉት ዝም ቢል ምን ቸገረው?

ያን ጥርጣሬ ይዤ እያለሁ ሌላ መጣብኝ። የሳጥኑ ክብደት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ጀርባው ይፈታ አልኩ። ባለሱቁ ዋስትናው ይሰረዛል ብሎ ተሟገተኝ፤ የሌለውን ዋስትና። ሰው ሲሰበሰብ ግን እምቢ ማለት አፈረና ፈታው። ውስጡ የብሎኬት ስባሪ በሽቦ ታስሮ ተቀምጧል። ባለሱቁ እኔም እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ፣ ወላሂ አላውቅም ብሎ ማለ፤ ምናልባት እውነቱን ነው። ጨው ሻጮቹ ሳይቀሩ ሳቁብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባንዱ ውስጥ የመጠርጠር ሥራ በይፋ የእኔ ሆነ። ኮርቼበት ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጓደኛዬ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ ከላላ አንዲት ከሳዑዲ የተመለሰች ሴት ዘንድ አምፕሊፋየር እንዳለ ተናገረ። እንዴት አወቅህ አልነው። ባለፈው ሰሞን ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሰማሁ አለ። ለምን ጉዳይ እንደሄደ አልተናገረም። ኪቦርድ ተጫዋቹ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ወርደን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ልጁ ኮሚሽን ሊበላ ነው አለኝ፤ የአቀስታውን እንዳንገዛ ያደረገው የከላላዋን ሊያስገዛን ነው። የአቀስታው ውስጥ ብሎኬት ነበር እኮ አልኩት። ብሎኬቱን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ እሱ ብሎኬቱ ሳይገኝም አይሆንም ብሎ ነበር አለኝ። ይህ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ።

ከላላ የሄድነው በገበያ ቀን ነው። መንገዱ በበቅሎና በሰው ተሞልቷል፤ እኛም በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጋር ተጭነን ደረስን። ሴትዮዋ እትዬ የምንላት ዕድሜ ላይ ናት፤ ጥቁር ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች፣ ዝግ ብላ የምትናገር። ሳጥኑ ብርድ ልብስ ለብሶ አልጋዋ ሥር ነበር። ጎትታ ስታወጣው የተከደነ ነገር ሽታ ወጣ፤ የብረት፣ የአቧራና የናፍታሊን። ጥቁር ምንጣፍ መሰል ልብስ የለበሰ፣ አንድ ጥጉ የተፈገፈገ፣ አንድ ማዞሪያ የጎደለው ሳጥን ነው።

እኔ ወዲያው ሥራዬን ጀመርኩ። ከአረብ አገር የምትመለስ ሴት ወርቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ስልክ ይዛ ነው የምትመጣው፤ የቤዝ አምፕሊፋየር ምን ሊሠራላት? የማን እንደነበር ጠየቅኳት። የአሠሪዎቿ ልጅ ሌላ ሲገዛ የተወው ነው፤ ለወንድሟ ብላ በካርጎ አስጫነችው። ወንድምሽስ አልኳት።

«የለም» አለች።

ሞተ እንዳልላት ፊቷ የለቅሶ አይደለም፤ ከተማ ወጣ እንዳልል የከተማም አይደለም። የተሰረቀ ዕቃ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ደግሞም ከሳዑዲ የሚመጣ ዕቃ አንዳንዱ በመቶ አስር ቮልት የሚሠራ ነው፤ እኛ አገር ግድግዳ ላይ ሲሰኩት ይጨሳል። በስልኬ መብራት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ይላል። እሱም ደህና ሆነ። ሶኬቱ የነሱ አገር ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነበርና መቀየሪያ አምጥታ ሰካችልን። ሳጥኑ «እምምም» አለ። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው።

ጓደኛዬ እንደለመደው ቤዙን ለእኔ ሰጠኝ። የአምባሰልን ወራጅ ቀስ ብዬ ጀመርኩት፤ በጣት ጫፍ፣ ልክ እንደማልመታው አድርጌ። ድምፁ ከሳጥኑ ሳይሆን ከመሬቱ የመጣ መሰለኝ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ተንጫጩ፣ ደጅ የነበሩት ዶሮዎች ዝም አሉ። ዝቅተኛውን ድምፅ ስነካ ብቻ ከጀርባው አንዲት የላላች ብሎን ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ትንቀጠቀጣለች። ላጥብቃት ብዬ ጎንበስ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ። «ተዋት» አለኝ፤ «እሷም ትጫወት።»

ከዚያ ሴትዮዋን ለብቻዋ ደጅ ይዟት ወጣ። እኔን ቀጥል አለኝ። በበሩ በኩል አያቸዋለሁ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ያወራሉ። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ አንዴ እጇን ወደ ምሥራቅ ዘረጋች፣ አንዴ ደግሞ ክንዱን ያዘችው። ለመስማት ስል መጫወቴን ሳቆም እነሱም ያቆማሉ። ስጀምር ይጀምራሉ። ሰውየው እኔን ያስቀመጠኝ አምፕሊፋየሩን ልሞክር ሳይሆን ወሬውን ልሸፍንለት መሆኑ ገባኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹም ገብቶታል፤ ነግሬህ ነበር በሚል ዓይን ያየኛል።

ሲመለሱ የሴትዮዋ ዓይን ቀልቷል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ለክርክር ተዘጋጅቶ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ዋጋ ጠራ፤ ሁላችንም እንደምታውቁት ለማላገጫ የሚጠራውን ዋጋ። እሷ ግን «ውሰዱት» አለች። «ኸይር ያሰማችሁ።» ኪቦርድ ተጫዋቹ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ውድ ነገር አልፈራም፤ ውድ ነገር ዋጋው ላይ ነው የሚጎዳችሁ። ርካሽ ነገር ግን በየት በኩል እንደሚመጣባችሁ አታውቁም።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ጓደኛዬ ጃኬቱን አውልቆ ሳጥኑን አለበሰው፤ እሱ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ሳጥኑን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ተቀመጠ። ያጭበረበረ ሰው ለዕቃው እንዲህ ይሆናል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ከዚያ ደግሞ፣ ያጭበረበረ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው አልኩ።

አምፕሊፋየሩ መጋዘኑ ውስጥ በገባ በሳምንቱ ባንዱ ባንድ ሆነ። ከእህሉ ከረጢቶች መካከል አስቀመጥነው፤ ከረጢቶቹ ድምፁን ያሞቁታል። የሰርግ ሰዎቹ ተመልሰው መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው ራሳቸውን ሲወዘውዙ አየናቸው። ሁለት ሰርግ ያዝን፤ አንዱ እዚያው መካነ ሰላም፣ አንዱ እኛው አካባቢ ያለችው ማሻ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሂሳቤ ሠርቷል፣ ይቀራል ብዬ።

ነገር ግን ጓደኛዬ ቤዙን አይነካም። ጣቴን ቆርጦኛል ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና እስኪድን አንተ ያዘው አለኝ። የእኔን ጊታር ኪቦርዱ ሊሸፍነው ይችላል፣ ቤዙን ግን ማንም አይሸፍነውም አለ። እኔም ያዝኩት። ከአጠገቤ ከረጢት ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዘፈን እያንጎራጎረ ያስጠናኛል፤ እዚህ ጋ ቆይ፣ እዚህ ጋ አትቸኩል፣ ለድራሙ ቦታ ተውለት። ትዕግሥቱ አስገረመኝ። ድሮ አንድ ነገር ሁለቴ መናገር የሚያናድደው ሰው ነበር።

አንድ ቀን ግን ጨርቁ ከሌባ ጣቱ ወደ መሐል ጣቱ ተሻግሮ አየሁት። በነጋታው ደግሞ የቀለበት ጣቱ ላይ ነበር። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም ይባላል፤ አውቆ የቆሰለም እንደዚያው ነው። እያየሁ አጠራቅም ነበር። በዚያው ሰሞን የእናቱን ሆም ቴአትር አስጠግኖ መለሰላቸው። ከድራመሩ ተውሶት የነበረውን ጫማ አሳጥቦ መለሰ። ከየት አመጣው ብሎ ኪቦርድ ተጫዋቹ ያንሾካሹካል፤ ኮሚሽኑ ነዋ። አሁን የጎደለን መያዝ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ልምምድ አመሻሽ ላይ ነበር። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ አግድም ገብታ ብናኙን ቀይ አድርጋዋለች። ዕቃ ስናሰናዳ እሱና እኔ ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘን ስናነሳ ከእጁ አመለጠውና ጥጉ እግሬ ላይ አረፈ። ብዙም አልጎዳኝም። እሱ ግን ሳጥኑን ትቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አፉ በለኝ» አለኝ።

ይቅር በለኝ ማለቱ ነው። በኛ አገር ሰው እግር ለረገጠውም፣ ሐቅ ለበላውም የሚለው አንድ ቃል ነው። እኔም እያሾፍኩ፣ ለእግሬ ነው ወይስ ለሌላው አልኩት። ኮሚሽኑን እንዲናዘዝልኝ መንገድ መክፈቴ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ አልሳቀም።

«ለሁሉም» አለኝ። «ያወቅኸውም ያላወቅኸውም። አፉ ብያለሁ በለኝ።»

አብሽር፣ አልሞትኩም አልኩት። አልተነሳም። «በአፍህ በለው» አለኝ። በዓይኔ እየመረመርኩት፣ «አፉ ብያለሁ» አልኩት። ያን ጊዜ ተነሳ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ እጁ ላይ የነበረው ጨርቅ በዚያ ቀን የትኛው ጣቱ ላይ እንደነበር ማየት ረሳሁ።

መንገድ የሚወጣ ሰው እንደማይሰናበት፣ አፉታ ግን ሳይጠይቅ እንደማይወጣ በኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ባይመለስ የሰው ሐቅ አንገቱ ላይ እንዳይቀር ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ተጠራጣሪ ሰው የሚታለለው እንዲህ ነው፤ አንዱን ነገር አጥብቆ ሲጠረጥር ሌላው በጎኑ ያልፋል።

ጠዋት እናቱ የተነጠፈ አልጋ አገኙ። መጋዘኑን ስንከፍት ቤዝ ጊታሩ አምፕሊፋየሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ጅማቶቹ አዲስ ተቀይረዋል፤ አንገቱ ላይ ያቺ ጨርቅ ታስራበታለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ፊቱን አዙሮ ከረጢት ማስተካከል ጀመረ። እኔ ተናደድኩ። ኮሚሽኑ ለመንገድ ሆነው ማለት ነው አልኩ፤ እሱን ማሰብ ሌላውን ከማሰብ ይቀል ነበር።

ሲብስብኝ ብቻዬን ከላላ ሄድኩ፤ ላጣራ። ሴትዮዋ ደጇ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ስንት ሰጠሽው ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

ሄደ አልኳት። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቀን ደጅ ይዟት ወጥቶ የጠየቃት ስለ ባሕሩ ነው፤ ሰዉ የሚወጣበትን ወር፣ ውኃ በምን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚታመን። ክንዱን ይዛ ለምናዋለች። ወንድሟ እሷ ወዳለችበት ልምጣ ብሎ በዚያው በኩል የወጣው ሳጥኑ መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ሳጥኑ ደረሰ፣ የሱ ወሬ ግን ከባሕሩ ወዲህም ወዲያም የለም።

«ዋጋውን የጣልኩት ለናንተ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ወንድሜን ሳይደርስለት ቀረ። ይሄኛውን እንኳ ያስቀርልኝ ብዬ ነው።»

ለካ እሷም የኔኑ ሂሳብ ስትሠራ ነበር። እሱስ ምን አለሽ አልኳት። እሱማ ለራሱ አልነበረም የሚፈልገው አለች፤ እኔ ስሄድ ቤዙን የሚይዘው ጓደኛዬ ነው፣ እጁ ገር ነው፣ ቀስ ሲል የሚመልስለት ዕቃ ይሁን ብሏታል። እዚያው ደጇ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጨው ሻጮቹ ዘንድ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝልኝ ታየኝ። እሷም ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ጥር ላይ ሁለቱንም ሰርግ ተጫወትን፤ ቤዙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባንዱ ጥቂት ዓመት ቆየ፤ ከዚያ ልጅቷ አገባች፣ ድራመሩ ደሴ ገባ፣ መጋዘኑም ፈርሶ ሱቅ ሆነ። ሳጥኑ ለእኔ ቀረ።

ጓደኛዬ ባሕሩን ተሻግሯል፤ አልሀምዱሊላህ። ዓመት ገደማ ጠፍቶ ደወለ። በረሃ ውስጥ የሰው ግመል ይጠብቃል፤ ሊመለስ ሲል ወረቀቱ፣ ወረቀቱ ሲሳካ ሌላው እየያዘው እስካሁን አልመጣም። ሲደውል ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስቀምጬ እጫወትለታለሁ። ዛሬም መብራቱ እንደመጣ ደወለ። ጨርቋ አሁንም የታሰረችበትን ቤዝ አንስቼ አምባሰሉን ቀስ ብዬ ተጫወትኩለት።

ስልክ ቤዝ እንደማያስተላልፍ አውቃለሁ። እኔ ነኝና ሞክሬዋለሁ፤ ባለቤቴን ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ በስልክ ተጫውቼ፣ ምን ሰማሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ጅማቱ ሲንጣጣ ብቻ ነው ያለችኝ። ስጨርስ ግን እንደ ሁልጊዜው ሰማኸው ወይ አልኩት። ከወዲያ የበረሃ ነፋስ ይሰማል።

«ሰማሁት ወላሂ» አለኝ። «ያቺ ብሎን አሁንም ትንቀጠቀጣለች አይደል?»

ብሎኗን ያጠበቅኳት እሱ በሄደ ሰሞን፣ ለመጀመሪያው ሰርግ ስንሰናዳ ነው።

«አዎ» አልኩት፤ «ትንቀጠቀጣለች።»

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ካቻቪቴ ፈልጌ አመጣሁና፣ ከሳጥኑ ጀርባ ተንበርክኬ፣ ብሎኗን ቀስ ብዬ አላላኋት።